አንቀልባና የጠፍር እርካብ

ከጂንካ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ የወረደ መንገደኛ፣ የሐመርን ቆላ በግራር ጥላና በምስጥ ኩይሳ መካከል ከተሻገረ በኋላ፣ ምድሩ በድንገት በገደል ተቆርጦ በሚያልቅበት በኮልቾ መንደር አፋፍ ላይ ሲቆም፣ ከእግሩ ሥር የኦሞ ወንዝ ደለል የጠገበ ውሃውን እየገፋ እንደ ቀስት ጎብጦ ሲዞር ያያል። በዚህ አፋፍና በዱስ በላቡክም መንደሮች የሚኖረው የካሮ ሕዝብ፣ ቁጥሩ ከጥቂት ሺህ የማያልፍ፣ ቋንቋው ከሐመርና ከበና ቋንቋ ጋር የሚዛመድ፣ ገላውን በነጭና በቀይ አፈር በከሰልም ማስጌጥን ከአበው የወረሰ ሕዝብ ነው። ከሩቅ አገር ካሜራ አንግቶ የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ዓይኑ በዚህ ጌጥ ላይ ስለሚያርፍ፣ የካሮ ሰው ፊትና ደረት በዓለም መጽሔቶች ተበትኖ ሲገኝ፣ በዚያው ሥዕል ጥግ ከእናቱ ጀርባ ወይም ከእኅቱ ጎን ጭኑን ከፍቶ ተጣብቆ ስለሚታየው ሕፃን ግን የጻፈ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ዛሬ ብዕር ያነሣሁት ስለዚያ ሕፃን ጭን ለመጻፍ ነው።

በኮልቾ እግር ማለት ሕይወት ማለት ነው። መንደሩ በአፋፍ፣ ውሃው በገደሉ ሥር ስለ ሆነ፣ ሴቲቱ ቁልቁል ወርዳ ቀድታ ሽቅብ ስትመለስ የምትተማመነው በጭኗና በዳሌዋ ብርታት ነው። ማሽላውም ወንዙ ሞልቶ ሲሸሽ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ይዘራ ስለ ነበር፣ የዘሩም የጥበቃውም የአጨዳውም ሥራ የዳርቻውን ቁልቁለት እየወጡ እየወረዱ የሚፈጸም ነበረ፤ የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ያ ጥንታዊ ሙላት እንደ ቀድሞው አይመጣም፣ ይህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ታሪክ ነው። ወንዱ ልጅ ደግሞ ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት የሚሻገረው፣ ጎን ለጎን በተደረደሩ ከብቶች ጀርባ ላይ ሳይወድቅ እየተመላለሰ በመዝለል ሲሆን፣ ትዳርና የአባወራነት ክብር የሚከተለው ይህን ሥርዓት ለፈጸመ ነው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ አገር የአንድ ሕፃን የዳሌ መጋጠሚያ ከስፍራው ወጥቶ ቢቀር፣ ሴቲቱን ከውሃው፣ ወንዱን ከማዕርጉ የሚለይ ዕዳ ይሆናል፤ በከተማ እንደሚሆነው በወፍራም የጫማ ሶልና በምርኩዝ የሚሸፈን አይደለም።

የኦሪትን መጽሐፍ ያነበበ ሁሉ፣ ያዕቆብ በጵኒኤል ሌሊቱን ሲታገል አድሮ የጭኑ ሹልዳ እንደ ተነካና ፀሐይ ስትወጣበት እያነከሰ እንደ ሄደ ያስታውሳል። ሹልዳ የሚለው ቃል ለዛሬ አንባቢ የቆየ ቢመስልም፣ የጭን አጥንት ራስ ከዳሌ ጎድጓዳ ጋር የሚገናኝበትን ያን የተሰወረ ስፍራ ለመጥራት ከእርሱ የተሻለ አላገኘሁምና በዚህ ጽሑፍ እገለገልበታለሁ። አሠራሩ እንደ ሙቀጫና ዘነዘና ነው፤ ሙቀጫው ጥልቅ ሲሆን ዘነዘናው እንደ ልብ ዞሮ አይወጣም፣ ሙቀጫው ገበታ የመሰለ ጠፍጣፋ ሲሆን ግን በትንሽ ግፊት ይንሸራተታል። አዲስ በተወለደ ሕፃን ዘንድ የጭኑ ራስና የጎድጓዳው ከንፈር ገና አጥንት ያልሆኑ ለስላሳ ቅርጭጭት ናቸው፤ አንዱም ሌላውን የሚቀርጸው በመገናኘት ነው። የጭኑ ራስ በስፍራው ተቀምጦ ሲንቀሳቀስ፣ የሸክላ ሠሪ እጅ ጭቃውን እንደሚያጎደጉድ ሁሉ ጎድጓዳውን እያጎደጎደ ይኖራል፤ ከስፍራው ከወጣ ግን ጎድጓዳው የሚቀርጸው አጥቶ ጠፍጣፋ ሆኖ ይደርቃል፣ የወጣውም ራስ በማይገባው ስፍራ ሌላ ማረፊያ ይፈልጋል።

የዘመናችን ሐኪሞች ይህን ሁሉ በአንድነት የዳሌ እድገት መዛባት ይሉታል። ጭኑ ፈጽሞ የወለቀበት ሕፃን ከሺህ አንድ ወይም ሁለት ሲሆን፣ ላላ ያለው ግን ከዚያ ብዙ ይበልጣል። በሴት ልጅ ላይ ከወንድ አራትና አምስት እጥፍ ይበዛል፤ በበኩር ልጅ፣ በመቀመጫው በመጣ ሕፃን፣ ወላጁ ወይም እኅቱ ይህ ሕመም ባለባት ልጅ ላይ ይበረታል፤ ከቀኝ ይልቅም የግራውን ዳሌ ይመርጣል። የዚህ ሕመም ክፋቱ ዝምታው ነው። ሕፃኑ አያለቅስም፣ አይተኩስም፣ ጡት አይተውም፤ እናቱም ደስ ብሏት ታሳድገዋለች። ዓመት አልፎ «ወፌ ቆመች» ተብሎ እጁ ሲለቀቅ፣ ያን ጊዜ ብቻ አንዱ እግር አጥሮ፣ አካሄዱ እንደ ዳክዬ ተወላግዶ ይታያል፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ቀላሉ ፈውስ አልፏል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበረው የግሪኩ ሊቅ ሂፖክራጥስ ከማኅፀን ጀምሮ የሚወልቅ ጭን መኖሩን ያውቅ ነበር። ከእርሱ በኋላ ግን ነገሩ ለብዙ ምእት ዓመታት ተረስቶ፣ አንካሳ ሆኖ መወለድ በቤተ መቅደስ ደጅ ተቀምጦ ምጽዋት የመለመን ዕጣ ብቻ ሆኖ ኖረ፤ የሐዋርያት ሥራ መልካም በሚሉት ደጅ ያስቀመጠውም ሰው ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ አንካሳ የነበረ ነው። ጊዮም ዱፑይትረን የተባለው የፓሪስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1826 ይህን ውልቃት ከመውደቅና ከመመታት ከሚመጣው ለይቶ ጻፈው፤ ሕክምናው ግን ገና አልተወለደም ነበር።

ሕክምናው ሲወለድ በኃይል ተወለደ። በቪየና አዶልፍ ሎሬንዝ የሚባል ቀዳጅ ሐኪም ነበረ፤ በዚያ ዘመን ቁስልን ከመርዝ ለመጠበቅ የሚረጨው ካርቦሊክ አሲድ ቆዳውን እያቃጠለ ስላሠቃየው ቢላዋውን ለመተው ተገደደና፣ የወለቀውን ጭን ያለ ደም በሁለት እጁ ኃይል ጎትቶና ጠምዝዞ ወደ ጎድጓዳው መመለስን ሞያው አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1902 የቺካጎው የሥጋ ነጋዴ ባለጸጋ አርሞር ለሴት ልጁ ሲል ከባሕር ማዶ አስመጣው፤ ሎሬንዝም የባለጸጋውን ልጅ ከማከሙ ጋር ለድሆች ልጆች እጁን በነፃ ስለ ዘረጋ፣ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በየደረሰበት ከተማ ተሰለፉለት። ይህ ቸርነቱ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን የተመለሰው ጭን እንዳይወጣ የልጁ ሁለት እግሮች እንደ ጓጉንቸር ተበርግደው ለወራት በጄሶ ይታሰሩ ነበርና፣ ወደ ጭኑ ራስ የሚሄደው ቀጭን የደም ሥር በዚያ ግፊት እየተጨነቀ፣ ራሱ በገባበት ጎድጓዳ ውስጥ ሞቶ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነበር። ከውልቃት የዳነው ልጅ በሞተ አጥንት እንደገና አነከሰ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ታሪክ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የኃይል ታሪክ ተዘግቶ የመታገሥ ታሪክ የተከፈተበት ነው፤ የተከፈተውም በእናት እጅ ነው። በጣሊያን አገር በፌራራ ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበረው ማሪኖ ኦርቶላኒ፣ እንደሚተረከው፣ አንዲት እናት የአምስት ወር ልጇን እያጠበች ሳለ ከጭኑ «ቀጭ» የሚል ነገር በእጇ እንደሚሰማት ስትነግረው ቃሏን አልናቀም። ራሱ ይዞ ቢመረምረው፣ ጭኑ ወደ ውጭ ሲከፈት የወጣው ራስ የጎድጓዳውን ከንፈር ተሻግሮ ወደ ስፍራው ሲገባ የሚሰጠው ምልክት ሆኖ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ1937ም ጽፎ አሳተመው። ዛሬ በዓለም ሁሉ አዋላጅና ሐኪም ሕፃን በተወለደ ሰዓት ሁለት ጣቱን ከጭኑ ውጭ፣ አውራ ጣቱን ከውስጥ አድርጎ ቀስ ብሎ የሚከፍትበት ምርመራ በእርሱ ስም ይጠራል። የዚያች እናት ስም ግን በመጽሐፍ አልተጻፈም።

በዚያው ዘመን በሞራቪያ ምድር፣ በብርኖ ከተማ፣ በድርዢህ ፍሬይካ የተባለው ሐኪም በሕፃኑ ጭኖች መካከል ትራስ አኑሮ እግሮቹን ከፍቶ የሚያቆይበትን ዘዴ አበጀ። ከእርሱ ጋር የሠራው አርኖልድ ፓቭሊክ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ተወልዶ በ1962 ያረፈው ቼካዊ የአጥንት ሐኪም፣ በጄሶውም በትራሱም በመቃኑም የታሰሩትን ሕፃናት ሲመለከት ኅሊናው አላረፈም፤ ሁሉም አጥብቀው ይይዛሉ፣ ሁሉም የጭኑን ራስ ያስጨንቃሉ፣ ከሁሉም የሞተ አጥንት ይወጣል። በመጨረሻም ነገሩን ገልብጦ አሰበው። መጋጠሚያ የተፈጠረው ለመንቀሳቀስ ከሆነ፣ ፈውሱ ስለ ምን በማሰር ይሆናል? ሕፃኑን እግሩን ከመዘርጋት ብቻ ብንከለክለው፣ የቀረውን እርሱ ራሱ እየተወራጨ አይፈጽመውምን?

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ከጠፍር የተሠራ ቀላል መሣሪያ አበጀ። በደረት ዙሪያ አንድ መቀነት፣ በትከሻ ላይ የሚያልፉና በጀርባ የሚመሳቀሉ ሁለት ማንገቻዎች፣ ለእያንዳንዱም እግር አንድ አንድ እርካብ፤ ከእርካቡም ወደ ደረቱ መቀነት የሚሄዱ ሁለት ጠፍሮች፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። የፊተኛው ጠፍር ጉልበቱን ወደ ሆድ አቅርቦ ጭኑ ከዘጠና እስከ መቶ አሥር ዲግሪ ታጥፎ እንዲኖር ያደርገዋል፤ የኋለኛው ሁለቱ ጉልበቶች ተገናኝተው እንዳይዘጉ ይከለክላል፣ በኃይል ግን አይከፍትም። የሚከፍተው የሕፃኑ የራሱ እግር ክብደት ነው፤ ሲተኛ ጉልበቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወድቃሉ፣ በወደቁም ቁጥር የጭኑ ራስ ወደ ጎድጓዳው ይገባል፣ ሲወራጭም ጎድጓዳውን ይቀርጻል። ጀርመኖች ይህን ዕቃ በቋንቋቸው ሪመንቡግል አሉት፤ ሪመን ጠፍር ነው፣ ቡግል እርካብ ነው፤ ባላገሩ ፈረሰኛ ወዲያው የሚያውቀው የጠፍር እርካብ ማለት ነው። ዛሬ ከጨርቅና ከተጣባቂ ማሰሪያ ይሠራል፤ ስሙም የፓቭሊክ ማንገቻ ሆኖ ቀርቷል።

ሕክምናው መዓልትና ሌሊት ሳይወልቅ፣ እንደ ሕመሙ ክብደት ከስድስት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ እናት ልጇን በማንገቻው እንዳለ ታጠባዋለች፣ ታቅፈዋለች፣ ታስተኛዋለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከተጀመረላቸው ሕፃናት አብዛኞቹ ያለ ቢላዋና ያለ ጄሶ ይድናሉ፤ ከስድስት ወር ካለፈ ግን ልጁ ጠንክሮ፣ መዳህም ጀምሮ ጠፍሩ ሊይዘው ስለማይችል ወደ ጄሶው ከዚያም ወደ ቀዶ ጥገናው መሄድ ግድ ይሆናል። ለስላሳ መሣሪያ ነው ብሎ መዳፈር ግን አይገባም፤ የፊተኛው ጠፍር ከልክ በላይ ቢጠብቅ በጭን ፊት የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖ ሕፃኑ ጉልበቱን መዘርጋት ያቅተዋል፣ የኋለኛውም ከልክ በላይ ቢስብ ያው የጥንቱ የደም እጦት ይመለሳል። ስለዚህ በየሳምንቱ ዐዋቂ ሐኪም ይመለከተዋል፤ በሦስትና በአራት ሳምንት ውስጥ ጭኑ ወደ ስፍራው ካልተመለሰም ማንገቻው ይወጣና ሌላ መንገድ ይፈለጋል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የፓቭሊክን ማንገቻ ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ የሐበሻ ልጅ በልቡ የሚመጣበት ነገር አንድ ነው፤ አንቀልባ። ሴቱም ወንዱም ሁላችን በዚያ ቆዳ ውስጥ ሆነን ዓለምን አይተናል። አንቀልባ የሚሠራው ከለፋ ቆዳ ነው፤ ቆዳው ተፍቆ፣ ለስልሶ፣ ዳርና ዳሩ በዛጎልና በጨሌ ተጊጦ፣ ከአራቱ ማዕዘኑ ጠፍር ይወጣለታል። እናት ልጇን በጀርባዋ አስቀምጣ ወገቡን በቆዳው ደግፋ ጠፍሩን በትከሻዋና በደረቷ አሳልፋ ስትቋጥረው፣ የሕፃኑ ሁለት ጭኖች የእናቱን ወገብ ግራና ቀኝ አቅፈው ጉልበቶቹ ወደ ላይ ታጥፈው ይቀራሉ። ይህ አኳኋን ፓቭሊክ በጠፍሩ ሊያመጣው የደከመበት አኳኋን ነው። እናት ስትራመድ ሕፃኑ ይወዛወዛል፣ ስትፈጭ ይናጣል፣ እሹሩሩ ስትለው ይነሣል ይወርዳል፤ ጭኑም በጎድጓዳው ውስጥ ይሠራል። አንቀልባውን የሚሠሩትን የእጅ ዐዋቂዎች ግን ፋቂ ብለን ስንንቃቸው፣ ከማዕዳችን ስንለያቸው፣ ከመቃብራችንም ስናርቃቸው መኖራችንን ሳስብ፣ ብድራችንን በንቀት የከፈልን ሕዝብ መሆናችን ያሳፍረኛል።

ደግሞም ራሳችንን ብቻ እናመስግን ዘንድ አይገባም። በደጋው አገር በብዙ ቤት፣ ሕፃኑ እንዳይበርደው ደግሞም እግሩ እንዳይጎብጥ ተብሎ፣ ቅቤ ተቀብቶ እግሮቹ እየተሳቡ ይለጠጣሉ፣ ከዚያም ሁለቱ ጉልበቶች ገጥመው በመጠቅለያ ጥብቅ ተደርገው እንደ ጧፍ ይታሰራሉ። ይህ ከፍቅር የመጣ ስሕተት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በማኅፀን ዘጠኝ ወር ታጥፎ ስለ ኖረ ጅማቱ አጭር ነው፤ ያን እግር በግድ ዘርግቶ መግጠም በጅማቱ ኃይል የጭኑን ራስ ከጎድጓዳው ወደ ውጭ መግፋት ነው። ስለዚህ አንዲቱ እናት ጠዋት በመጠቅለያ የምታፈርሰውን ከሰዓት በኋላ በአንቀልባ ትሠራዋለች፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ የሚወስነው የሰዓቱ ብዛት ነው።

የዓለም ምስክርነትም ወደዚህ ያዘነብላል። ሕፃናትን በሰሌዳ ላይ እግራቸውን ዘርግተው በሚያስሩት የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦችና በላፕላንድ ሳሚዎች ዘንድ ይህ ሕመም እጅግ የበዛ ሆኖ ተገኘ። በጃፓን አገር ከመቶ ሕፃናት ከአንድ እስከ ሦስት ተኩል የሚሆኑት ይወልቅባቸው ነበር፤ ያማሙሮና ኢሺዳ የሚባሉ የኪዮቶ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እናቶችን፣ የሕፃኑን እግር ዘርግታችሁ አትጠቅልሉ፣ በጠባብ ልብስም አትግጠሙት ብለው ባስተማሩ ጊዜ፣ ያ ቁጥር ከመቶ ወደ ሁለት ዐሥረኛ ዝቅ አለ፤ ያለ መድኃኒት፣ ያለ ቢላዋ፣ ልብስን በመለወጥ ብቻ። በሌላው ወገን፣ እናቶች ልጆቻቸውን በሚያዝሉበት በማላዊ አገር፣ በብላንታየር ባለው የአጥንት ሆስፒታል ሥር በአሥር ዓመት ውስጥ ከ40,000 በላይ ልጆች ታይተው፣ ለዚህ ሕመም ቀዶ ጥገና የተደረገለት አንድም እንዳልተገኘ እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሟል።

ይሁን እንጂ ሊቃውንት ሁሉ በአንድ ቃል አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1979 በአንድ የእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ የአፍሪካዊ ሕፃን የዳሌ ጎድጓዳ ገና ከልደቱ ጥልቅ ነው፣ የሚጠብቀውም ይህ የውርስ ጸጋ ነው ብሎ ተከራክሯል። እኔ ሁለቱን የሚያጣላ ነገር አላየሁም። ጥልቅ ጎድጓዳ ይዞ የተወለደ ሕፃንም ቢሆን ማዘሉ አይጎዳውም፤ ጠፍጣፋ ይዞ የተወለደውን ደግሞ የእናቱ ጀርባ ብዙውን ጊዜ ሳይታወቅ ያቃናዋል። የሚያስፈራኝ በሌላ በኩል ያለው ነው፤ ከተሞቻችን ሲሰፉ አንቀልባ እንደ ኋላ ቀርነት ተቆጥሮ ወደ ሙዚየም እየገባ፣ ሕፃኑም በጋሪና በጠባብ መያዣ ቀኑን መዋል ሲጀምር፣ የነበረንን ጥበቃ ምን እንደ ነበረ ሳናውቅ እንጥለዋለን።

በኮልቾ ግን የእናት ጀርባ ገና አልተፈታም። የካሮ ሴት ልጇን በቆዳ ወይም በጨርቅ አዝላ ታድራለች ባይባልም ትውላለች፤ እርሷ ስትደክም እኅት ወይም አክስት ትቀበላታለች፤ ሕፃኑም ከሰው ገላ የሚለይበት ሰዓት ጥቂት ነው። ይህን ልማድ ማን እንደ ጀመረው መጠየቅ ከንቱ ነው፤ የኦሞ ሸለቆ የሰው ልጅ ከሁሉ አስቀድሞ የተራመደባቸው ስፍራዎች አንዱ ነውና። በዚሁ ሸለቆ ታችኛ ክፍል በኪቢሽ የተመራማሪው የሪቻርድ ሊኪ ጓድ እ.ኤ.አ. በ1967 ያገኘው የሰው ቅሪት፣ በ2022 በወጣ ጥናት ዕድሜው ከ233,000 ዓመት እንደማያንስ የተነገረለት፣ ከተረፉለት አጥንቶች መካከል የዳሌ አጥንት ይገኝበታል። ያ ሰው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ሹልዳው በጎድጓዳው የገባለት ሰው ነበረ፤ ሕፃንም ሳለ አንድ ሰው ተሸክሞት ነበር።

ልማድን ሁሉ ግን እንዳለ አወድሳለሁ ብል ሐሰት ይሆንብኛል። በካሮዎችና በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ሚንጊ የሚባል ልማድ ነበረ፤ የላይኛው ጥርሱ አስቀድሞ የበቀለ ሕፃን፣ ከሥርዓት ውጭ የተወለደ ሕፃን፣ በሕዝቡ ላይ ድርቅና መቅሠፍት ያመጣል ተብሎ ከሕይወት ይለይ ነበር። ላሌ ላቡኮ የተባለው የካሮ ተወላጅ ይህ ልማድ እንዲቀር ሽማግሌዎቹን እየዞረ ተማጸነ፣ ከሞት የተረፉትንም ሕፃናት በጂንካ ከተማ ቤት ሠርቶ አሳደገ፤ በመጨረሻም የካሮ ሽማግሌዎች በ2004 ዓ.ም. ሚንጊን በራሳቸው ሥርዓት ሻሩት። በሕፃን ገላ ላይ ምልክት ሲያዩ መፍራትን የተማረ ሕዝብ፣ ያን ፍርሃት በራሱ ሸንጎ ሲጥል፣ ይህ ከማናቸውም አዋጅ የሚበልጥ ነው። ስለዚህም አንድ ልማድ የሚሻረው አንድ ልማድም የሚጠበቀው፣ ለሕፃኑ ምን እንዳደረገለት እየተመዘነ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ሚዛን ሚንጊ ወደቀ፣ የእናት ጀርባ ግን ጸና።

የእናት ጀርባ የማያደርገውም አለ። ፈጽሞ የወለቀውንና ወደ ስፍራው አልመለስ ያለውን ጭን ማዘል አይመልሰውም፤ ይህን የሚያውቀው በልደት ቀን የሚመረምር እጅ ብቻ ነው። በገጠር ልጅ ሲያነክስ አስቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው፤ ወጌሻ በወደቀና በተሰበረ ሰው ላይ የሚያሳየውን ጥበበ እድ አከብራለሁ፣ ነገር ግን ከማኅፀን የወለቀን ጭን በኃይል መጎተት ሎሬንዝ ከመቶ ዓመት በፊት ያየውን የሞተ አጥንት ያመጣልና እጁን ይሰብስብ። የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሠራተኞችን ስላሰማራ፣ ዛሬ ከኮልቾ የተወለደች ሕፃን ከሐኪም ብትርቅም ከሠለጠነ ዓይን ፈጽማ የራቀች አይደለችም። ልብሷን አውልቆ በጀርባዋ አስተኝቶ፣ ጉልበቶቿን አጥፎ አንዱ ከሌላው ዝቅ ማለቱን ማየት፣ ሁለቱን ጭኖች ቀስ ብሎ ከፍቶ አንዱ እምቢ ማለቱን መገንዘብ፣ በጭኖቹ ላይ ያለው የቆዳ እጥፋት መበላለጡን መመልከት፣ መሣሪያ አይጠይቅም። በደጋው ወገንም ወንዱ በአርባ ሴቷ በሰማንያ ቀን ለክርስትና ልብሳቸው ሲወልቅ፣ ያ ቀን እናት የልጇን ጭን ደኅና አድርጋ የምትመለከትበት ቀን ቢሆን መልካም ነው፤ ሕመሙ በሴቷ ይበዛልና ሰማንያው ቀን ሳያልፍ መሆኑ በተለይ ይጠቅማል።

ጥርጥር ያለባት ሕፃን ከኮልቾ ወደ ጂንካ ሆስፒታል፣ ነገሩ የከበደ እንደ ሆነም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ ተከፈተው ወደ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል መሄድ ይኖርባታል። መንገዱ ረጅም ነው፤ አባት ፍየል ይሸጥበታል፣ እናት ሌሎች ልጆቿን ትታ ትሄድበታለች። ማንገቻው ራሱ ግን መቀነት፣ ሁለት የትከሻ ማንገቻ፣ አራት ጠፍርና ሁለት እርካብ ነው፤ ቆዳ የሚያለፋና ጨርቅ የሚሰፋ ሰው ባለበት ከተማ ሁሉ ሊሠራ የሚችል ዕቃ ነው። የጎደለው ልኩን የሚያውቅ ሐኪምና በየሳምንቱ የሚመለከት ዓይን ነው። የደቡብ ኦሞን ጤና የሚመሩ ሰዎች አንድ ሐኪምና ሁለት አዋላጆች ይህን ምርመራና ይህን ማንገቻ ተምረው በጂንካ እንዲቀመጡ ቢያደርጉ፣ ከዚያ ረጅም መንገድ የሚበዛው ክፍል ይቀራል።

የካሮ እናት ሆይ፣ ልጅሽን ከጀርባሽ አታውርጂ። አዋላጂቱም ሆይ፣ ሕፃኑ በእናቲቱ ጀርባ ላይ ከመውጣቱ በፊት ጭኑን ከፍተሽ እይው፤ እምቢ ያለሽ ጭን ካለ ስድስት ወር ሳይሞላው ወደ ጂንካ ይሂድ።